ማመልከቻና መሳቢያ

በናይሮቢ ከተማ ሁርሊንግሃም በተባለው ሰፈር፣ ከኬንያ ጥቁር ልጆች መካከል በመጀመሪያ ጠበቃ ለመሆን የበቁት አርግዊንግስ ኮዴክ እ.ኤ.አ. በ1969 በጥር ወር ሕይወታቸው ካለፈበትና ከዚያም ወዲህ በስማቸው ከሚጠራው ጎዳና ጥቂት ገባ ብሎ፣ የአገራችን ሰዎች ቅዳሜና እሑድ የሚሰበሰቡበት አንድ ምግብ ቤት አለ። የቤቱን ጠረጴዛና መደርደሪያ፣ የቡናውንም ረከቦት ሳይቀር የሠሩት ከደርግ ዘመን ጀምሮ በዚህ ከተማ የኖሩ አንድ ሽማግሌ አናጢ ናቸው። ቤቱን የምታስተዳድረው ወይዘሮ፣ ከባሕር ዳር መጥታ ከእርሷ ጋር የምትኖረውን የእኅቷን ልጅ ይምከሩልኝ ብላ ሽማግሌውን ለቡና ጠርታቸው ነበርና፣ በአጠገባቸው ተቀምጬ ከሰማሁት ውስጥ ሊጻፍ የሚገባው የመሰለኝን እንደሚከተለው አቀረብሁት።

ወይዘሮዋ፦ ጋሼ፣ እንግዲህ እርስዎ ይፍረዱን። ይህች ልጅ ከመጣች ጀምሮ ሒሳብ አያያዝ ተማሪ አልኋት፤ እምቢ አለች። ነርስነትም ክቡር ሙያ ነው፣ የናይሮቢ የሴቶች ሆስፒታል እንኳ ከደጃችን ነው አልኋት፤ እርሱንም እምቢ አለች። አሁን ደግሞ የእንጨትና የቤት ዕቃ ሥራ ካልተማርሁ ብላ ይኸው ፎርም ይዛ መጣች። አባቷ አናጢ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና መልካም ሰው ነበር፤ ነገር ግን እኅቴ ለእርሱ በተዳረች ጊዜ ቤተ ዘመዱ ምን እንዳለ እኔ አውቃለሁ። ያንን ሐሜት ድንበር አሻግሬ ለልጅቱ ላወርሳት አልፈልግም።

አናጢው፦ እመቤቴ፣ ሐሜቱን አላውቀውም ብዬ አልዋሽሽም፤ እኔም ጠጥቼዋለሁ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሙያው እየነቀፈ የሚሰድብ ሰው ሁሉ እንዲቀጣ አዋጅ ማስነገራቸው፣ ስድቡ ጥበበኛውን ከአገር እንደሚያጠፋው ስለ ተመለከቱ ነበር፤ ነገር ግን አዋጁ ከተነገረ መቶ ዓመት አልፎት ሳለ ሐሜቱ ከሰርግ ቤት ገና አልወጣም። ወደ መጻሕፍት የተመለስን እንደ ሆነ ደግሞ፣ በኦሪት ዘፀአት የደብተራ ኦሪትን ንዋየ ቅድሳት ይሠራ ዘንድ በስሙ የተጠራው ባስልኤል፣ በወርቅና በናስ ብቻ ሳይሆን በእንጨት ጠረባም ጭምር መንፈሰ እግዚአብሔር እንደ ሞላበት ተጽፎለታል፤ ጌታችንም በጸራቢው በዮሴፍ ቤት ማደጉን የናዝሬት ሰዎች እንደ ነውር ቆጥረው በናቁት ጊዜ፣ በንቀታቸው የተጎዱት እነርሱ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ልጅቱን…

ልጅቱ፦ ጋሼ፣ ቃልዎን ማቋረጤ ድፍረት አይሁንብኝና፣ ፎርሙ ስለ ባስልኤል አይጠይቅም።

አናጢው፦ ምን ይጠይቃል?

ልጅቱ፦ ለምን ለመማር እንደ ፈለግሁ በአንድ ገጽ እንድጽፍ፣ ከዚህ በፊት የሠራሁት ካለ እንዳሳይ፣ ደግሞም እጄን የሚያውቅ አንድ ባለሙያ እንዲመሰክርልኝ ይጠይቃል። ደብዳቤውን ጽፌዋለሁ፤ እንግሊዝኛ ስለሆነ በአማርኛ ልንገርዎ። «ከሕፃንነቴ ጀምሮ ለእንጨት ሥራ ልዩ ፍቅር ስላለኝ፣ የተሰጠኝንም ዕድል በትጋት ተጠቅሜ ለራሴ፣ ለቤተሰቤና ለኅብረተሰቡ የምጠቅም ሰው ለመሆን ስለምመኝ፣ የተከበረው ማሠልጠኛችሁ በመልካም ፈቃዱ ይቀበለኝ ዘንድ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ» የሚል ነው።

ወይዘሮዋ፦ እንዴት ያምራል!

አናጢው፦ ማማሩንስ ያምራል። ነገር ግን «እንጨት» የሚለውን አውጥታችሁ «ጨርቅ» ብትሉበት ልብስ ሰፊው፣ «ሞተር» ብትሉበት መካኒኩ ያለ አንዳች ሌላ ለውጥ ሊያቀርበው ይችላል። ማመልከቻ የሚመረምሩ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ብዙ ፍቅር ተከምሮ ያዩ ናቸውና፣ የአንቺ ፍቅር ከሌላው ፍቅር በምን እንደሚለይ ከዚህ ወረቀት ሊያውቁ አይችሉም። እኔ ብሆን ይህን ሁሉ ትቼ የሠራሁትን አንድ ዕቃ ይዤ፣ እንጨቱን ከገዛሁበት ቀን አንሥቼ ዕቃው እስከ ተበላሸበት ቀን ድረስ የሆነውን በተራ ነገር እጽፋለሁ።

ልጅቱ፦ የተበላሸውን? መልካሙን ትቼ?

አናጢው፦ መልካሙን ፎቶግራፍ ያሳያቸዋል፤ ለዚያ ደብዳቤ አያስፈልግም። ምን ተበላሽቶብሻል?

ልጅቱ፦ ያ መሳቢያ ነዋ፤ ለእትዬ የገንዘብ ማስቀመጫ የሠራሁት።

ወይዘሮዋ፦ ኧረ እርሱን አታንሺብኝ! በሚያዝያ አልከፈትም ብሎኝ፣ ደንበኛ መልስ እየጠበቀ በቢላዋ ስታገለው የነበረውን መቼም አልረሳው።

ልጅቱ፦ የፈረንጅ ጥድ ነው። ከንጎንግ መንገድ ገዝቼ በጣራ ላይ በየካቲት ፀሐይ አደረቅሁት፤ ከዚያ ልጌ፣ ጎኖቹን ከፊት ገጹ ጋር በወንዴና በሴቴ አጋጥሜ ሠራሁት። የገባበት ቦታ ልክክ ብሎ ስለ ነበር ጎበዝ ነኝ አልሁ። ዝናቡ ሲመጣ ነቀነቅነው፣ እምቢ አለ። አውጥቼ ጎኖቹን በመላጊያ ቀነስሁት። ክረምቱ አልፎ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ጥርስ መንገጫገጭ ጀመረ፤ ወለሉም ከመካከሉ ተሰነጠቀ።

አናጢው፦ ወለሉን እንዴት አስገባሽው?

ልጅቱ፦ በአራቱም ጎን ፈልፍዬ፣ አራቱንም ጎን በኮላ አጣበቅሁት፤ እንዳይነቃነቅ።

አናጢው፦ እነሆ ደብዳቤሽ ይህ ነው። አሁን ምክንያቱን ደግሞ እንድታውቂው ይገባል፤ ጥፋቱን ጽፈሽ ምክንያቱን ያልጻፍሽ እንደ ሆነ የእድል ነገር አስመሰልሽው ማለት ነውና። እንጨት ከአየሩ ርጥበት ይቀበላል፣ ለአየሩም መልሶ ይሰጣል። በቁመቱ የሚለወጠው ከቁጥር የማይገባ ሲሆን፣ በጎኑ ግን በርጥበት ያብጣል፣ በድርቀትም ይኮማተራል፤ ከዚህም ውስጥ የዓመት ቀለበቱን ተከትሎ የሚሆነው ለውጥ ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ከሚሆነው እጥፍ ያህል ነው። የመሳቢያሽ ጎን ቁመቱ ከፊት ወደ ኋላ ስለሚሄድ መሳቢያው አልረዘመም፤ ከፍታው ግን በእንጨቱ ጎን ላይ ስለሚወድቅ በሚያዝያ አበጠና በተሰጠው ቦታ ውስጥ ተሰነቀረ። አንቺም ባበጠበት ወር ላይ ቀነስሽው፤ ሲኮማተር እንግዲህ ያንገጫገጨው የመላጊያሽ ጥፋት ነው።

ልጅቱ፦ ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብኝ?

አናጢው፦ በመጀመሪያ ፀሐይ ላይ አለማስጣት። ፀሐይ ጫፉን ከመካከሉ አስቀድሞ ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል፤ ከላይ የደረቀ መስሎሽ ልቡ ርጥብ ይሆናል። ጣውላው ከጥላ ሥር፣ በየመካከሉ ቀጫጭን ማለያያ እየተደረገበት፣ ነፋስ በአራቱም ወገን እንዲያልፈው ተደርጎ ይከመራል፤ አሮጌዎቹ አናጢዎች ለአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ዓመት ይሉ ነበር፤ ለጠንካራው እንጨት መልካም መመዘኛ ነው፤ ለጥዱ ከዚያ ያንሳል። ሁለተኛ፣ በደረቅ ወራት የምትሠሪውን መሳቢያ ለዝናቡ ወራት ቦታ ትተዪለታለሽ። ሦስተኛውና ትልቁ ወለሉ ነው። ወለል ሰፊ ሳንቃ ነው፤ ስፋቱ የሚጨምርና የሚቀንስ ሆኖ ሳለ በአራት ወገን በኮላ ያሰርሽው እንደ ሆነ፣ መኮማተር ሲፈልግ የሚለቀው ስላጣ ራሱን ይሰነጥቃል። የእንጨቱን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ አድርገሽ፣ ከፊቱ አጣብቀሽ፣ በሁለቱ ጎን በተፈለፈለው ውስጥ ያለ ኮላ ትተሽ፣ ትርፉን ወደ ኋላ እንዲወጣ ብታደርጊው ኖሮ ክረምትና በጋ እየገባ እየወጣ መቶ ዓመት ይኖር ነበር። የቁም ሣጥን በር ከአንድ ሰፊ ሳንቃ ያልተሠራበት፣ በአራት ቀጫጭን እንጨቶች ማዕቀፍ ውስጥ ሳንቃው ሳይጣበቅ የሚቀመጥበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ ብዙ ሰው ለጌጥ ይመስለዋል።

ልጅቱ፦ አባቴ እንዲህ ያደርግ ነበር። እንዴት እንደሆነ አይቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

አናጢው፦ ጠይቀሽው ነበር?

ልጅቱ፦ የእኛ አገር ልጅ አባቱን ይጠይቃል እንዴ፣ ጋሼ?

ወይዘሮዋ፦ ይህችስ ጠይቃለች፤ ብቻ በቡጢ ተመልሶላት ይሆናል።

አናጢው፦ እንግዲህ ማሠልጠኛ ገብተሽ የምታገኚው አንዱ ነገር ይህ ነው፤ ለምን ብሎ መጠየቅ የማያስነውርበት ቦታ። ነገር ግን ከዚያ በፊት የቃል ፈተና ይጠብቅሻልና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዛሬ የወጥ ቤት ካቢኔት የሚሠራው አብዛኛው ከኤም ዲ ኤፍና ከቺፑድ ነው፤ የአንዱ ሙሉ ሰሌዳ ርዝመት 2440፣ ወርዱም 1220 ሚሊሜትር ነው። ከወርዱ እያንዳንዳቸው 405 ሚሊሜትር የሆኑ ሦስት መደርደሪያዎች አውጪልኝ።

ልጅቱ፦ ሦስት ጊዜ 405 ማለት 1215። ይወጣል፤ እንዲያውም 5 ሚሊሜትር ይተርፋል።

አናጢው፦ መጋዙስ በየት በኩል ያልፋል?

ልጅቱ፦ … 3 ሚሊሜትር ቢበላ፣ ሁለት ጊዜ ያልፋልና 6። 1221። ወየው፣ በአንድ ሚሊሜትር!

አናጢው፦ በአንዲቱ ሚሊሜትር ምክንያት ሦስተኛው መደርደሪያ 404 ሆኖ ይወጣል፤ በመካከላቸውም ሲቆም ከሌሎቹ ከሁለቱ ስለሚያጥር ለዘላለም ዓይን ይወጋል። በትምህርት ክፍል ሒሳቡን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ የመጋዙን መንገድ ግን የሚያስበው መጋዝ የያዘ ሰው ብቻ ስለሆነ ፈታኞች እንዲህ ያለውን ይወዳሉ። ደግሞ ሁለት ቋንቋ ያስፈልግሻል፤ በንጎንግ መንገድ ጣውላ ስትገዢ «ስድስት በአንድ» ብለው በኢንች ይጠሩልሻል፣ ርዝመቱንም በፉት ያስከፍሉሻል፤ የትምህርት ቤቱ ሥዕል ግን በሚሊሜትር ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር መሆኑን እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃልሽ ያዢው።

ወይዘሮዋ፦ እኔ ያልገባኝ አንድ ነገር አለ። ከዚህ ጥቂት ወርዳችሁ ንጎንግ መንገድ ዳር ብትሄዱ፣ አልጋው፣ ሶፋው፣ ቁም ሣጥኑ በሜዳ ላይ ተደርድሮ ይሸጣል፤ ፉንዲ የሚባሉትን እነዚያን ባለ እጆች ማን አስተማራቸው? የሥራ ነገር ከሆነ ከእነርሱ ዘንድ ገብታ ብትማር በየቀኑ ጥቂት ሳንቲም እንኳ ታገኝ ነበር፤ ማሠልጠኛው ግን የሚያስከፍል እንጂ የሚከፍል አይደለም።

አናጢው፦ ይህ ጥያቄ ከእኔ የሚበልጥ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1924 በካቤቴ የአገሬው ተወላጆች የኢንዱስትሪ ማሠልጠኛ ብለው ያቋቋሙት ትምህርት ቤት፣ ዛሬ ብሔራዊ ፖሊቴክኒክ የሆነው፣ አናጢና ግንበኛ ያወጣ ነበር፤ ነገር ግን የፈለጉት ርካሽ እጅ ስለ ነበረ፣ የዚህ አገር ወላጅ ነፃነት ሲያገኝ ልጁን ከመጋዝ አርቆ ወደ ጽሕፈት ጠረጴዛ ቢገፋው አይፈረድበትም። የኬንያ ክርስቲያን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1966 ልጆቹ ከትምህርት በኋላ ወዴት ይሂዱ የሚል ጥናት አውጥቶ የመንደር ፖሊቴክኒኮች የተጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ዛሬ በየካውንቲው መስተዳድር ሥር የሚገኙት የሙያ ማሠልጠኛዎች የእነርሱ ልጆች ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ውጭ በጠራራ ፀሐይ የሚሠሩት፣ ጁዋ ካሊ የሚሏቸው፣ እርስ በርሳቸው እየተማማሩ ኖረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የዓለም የሥራ ድርጅት ስለ ኬንያ ያወጣው ጥናትም እነዚህን ሰዎች ማሳደድ ቀርቶ ማገዝ እንደሚገባ መክሮ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ንጎንግ መንገድ ላይ ሁለት ዓመት የቆየ ልጅ በፍጥነት ከተማሪው ይበልጣል። ጥራቱን ግን ገዢው ያዛል፤ ገዢው ርካሽ ከፈለገ ርጥቡን ጥድ በምስማር ይመታለታል።

ልጅቱ፦ እትዬ፣ እኔ ንጎንግ መንገድን ንቄ አይደለም። ነገሩ የሕግ ነው። በስደተኛ መታወቂያ የምኖር ሰው ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኬንያ የስደተኞች ሕግ፣ በዚህ አገር ስደተኛነቱ የታወቀ ሰው ለብቻውም ሆነ ከሌሎች ጋር ሆኖ ሠርቶ የመብላትና ሙያውን የመሥራት መብት እንዳለው ይናገራል፤ ነገር ግን መብቱ የሚጸናው ሥልጣን ያለው የኬንያ ክፍል የተቀበለው የሙያ ማስረጃ ለያዘ ሰው ነው። እንግዲህ አባቴ ያስተማረኝ ሁሉ በዚህ አንቀጽ ፊት ምንም አይደለም ማለት ነው። ማሠልጠኛውን ጨርሼ፣ ኒታ በሚባለው ብሔራዊ የኢንዱስትሪ ሥልጠና ባለሥልጣን ዘንድ የመንግሥቱን የሙያ ፈተና ብፈተን፣ ከሦስተኛ ደረጃ ተነሥቼ ሁለተኛውን፣ ቀጥሎም አንደኛውን ብይዝ፣ ያን ጊዜ የእጄ ሥራ በወረቀት ይናገርልኛል።

ወይዘሮዋ፦ ይህን መጀመሪያ ብትነግሪኝ ኖሮ ምን ነበረበት! እኔ እኮ ፍቅር ነው ብዬ ነው የፈራሁት። የሕግ ነገር ከሆነማ የምግብ ቤቱን ፈቃድ ለማግኘት ስንት ደጅ እንደ ጠናሁ እኔው አውቃለሁ።

አናጢው፦ በአገራችንም እንዲሁ ሆኗል። በእኛ ጊዜ ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት የገባ፣ ወይም በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት መንግሥት እርዳታ በተከፈተው በባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የእንጨት ቴክኖሎጂ የተማረ ሰው ወረቀት ነበረው፤ ሌላው ሁላችን ከመምህራችን እግር ሥር ተቀምጠን፣ ኮላ እያፈላን፣ መጋዝ እየሳልን ተማርን። ዛሬ ግን ሲኦሲ የሚሉት የብቃት ምዘና መጥቶ፣ ትምህርት ቤት ገብቶ የማያውቅ አናጢም ቢሆን ቀርቦ በተመዛኝነት ደረጃውን ሊያገኝ እንደሚችል ሰምቻለሁ። መልካም ነው።

ልጅቱ፦ እንግዲያውስ ጋሼ፣ ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንምጣ። ለእኔ የሚመሰክርልኝ ባለሙያ እርስዎ ነዎት ብዬ ስምዎን ጽፌያለሁ። እዚህ ላይ የሙያ ማስረጃዎን ደረጃና ቁጥር ይጠይቃል።

አናጢው፦ ቁጥር?

ልጅቱ፦ የምስክር ወረቀቱ ቁጥር።

አናጢው፦ እኔ ቁጥር የለኝም። የተቀመጥሽበት ወንበር ነው ቁጥሬ። በዚህ ሰፈር ስንቱን በርና መስኮት እንደሠራሁ አክስትሽ ትንገርሽ።

ወይዘሮዋ፦ እኔማ እነግራለሁ፤ ግን እኔን ማን ይጠይቀኛል?

አናጢው፦ ስሙኝ። በላስታ ተራራ፣ በዋሻ ውስጥ፣ ከሮሐ አብያተ ክርስቲያናት አስቀድሞ የተሠራው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ መቅደስ አለ። ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ኖራ የተቀባ ድንጋይ ሆኖ የተደረደረ ነው፤ የጣራውን ውስጥ ቀና ብላችሁ ያያችሁ እንደ ሆነ፣ በልዩ ልዩ ማዕዘን የተቆረጡ ቁራጮች አንዱ በአንዱ ውስጥ እየገቡ የመስቀልና የሐረግ ቅርጽ ሠርተው፣ ከስምንት መቶ ዓመት በኋላ ዛሬም እንደ ተገጣጠሙ ናቸው። ያንን የሠራው ጸራቢ ስሙ አልተጻፈም፣ ማዕርጉ አልተቆጠረም፤ ማንም ግን ማስረጃህን አምጣ አላለውም። እዚሁ ኬንያም ቢሆን የካምባ ሕዝብ ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን የእንጨት ቅርጻ ቅርጽ የተማረው፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰ አንድ ሰው በታንጋኒካ ያየውን በዋሙንዩ መንደር ለጎረቤቶቹ ስላሳያቸው ነው። የማን ቁጥር? የየትኛው መሥሪያ ቤት ማኅተም?

ልጅቱ፦ የይምርሐነ ክርስቶስ ጣራ ከቦታው አልተነቃነቀም ጋሼ፤ እኛ ግን ተነቃነቅን። እርሱን ሊያይ የሚፈልግ ሰው ወደ ላስታ ይሄዳል። የአባቴን ሥራ ሊያይ የሚፈልግ ሰው ወደ ባሕር ዳር ይሂድ ልበላቸው?

አናጢው፦ …

ወይዘሮዋ፦ ጋሼ፣ ካነሣችሁት አይቀር እኔም ልናገር። ባለፈው ጊዜ ያ የቢሮ ሥራ፣ የሃያውን ጠረጴዛ ማለቴ ነው፣ ከእጅዎ ወጥቶ ለሌላ ሰው የሄደው ለምን ነበር? ናሙናውን አይተው ወደውት አልነበረም?

አናጢው፦ ወደውት ነበር። የጨረታው ወረቀት ላይ የሚሞላ ነገር ጎደለ አሉ።

ልጅቱ፦ ቁጥሩ።

አናጢው፦ ቁጥሩ። እሺ፣ ገባኝ። ነገር ግን እናንተም ይህን አስቡልኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ድረስ ሄጄ፣ ከሃያ ዓመት ልጆች ጋር ተሰልፌ፣ ከሦስተኛ ደረጃ ጀምር ተብዬ፣ እጄ ላይ ከቆመ ከአንድ ፈታኝ ፊት ወንዴና ሴቴ ልቆርጥ ነው? ቢንቀጠቀጥብኝስ? ለአርባ ዓመት ያልተጠየቀ እጅ ሲጠየቅ እንዴት እንደሚሆን አንቺ አታውቂውም።

ልጅቱ፦ ቅድም በ405 ሲጠይቁኝ በእትዬ ፊት ወድቄያለሁ፤ ይኸው ከወንበሬ አልተነሣሁም።

ወይዘሮዋ፦ ምላሷን ተመልከቱልኝ! የአባቷ ነው።

አናጢው፦ ተዪያት፤ እውነቷን ነው። ለራሴ ነገር አስብበታለሁ፤ ዛሬ ቃል አልገባም። ፎርሙ መቼ ነው የሚመለሰው?

ልጅቱ፦ ሰኞ።

አናጢው፦ እስከ ሰኞ እኔ የምፈተን አይደለሁምና ስሜን ሰርዢው። ማስረጃ የሌለው ሰው ቢመሰክርልሽ ወረቀቱን ያጎድልብሻል እንጂ አይሞላልሽም። ንጎንግ መንገድ ላይ፣ ወደ ፈረስ መወዳደሪያው ሳትደርሺ በስተግራ፣ የወጥ ቤት ካቢኔት ብቻ የሚሠራ አንድ የካምባ ሰው አለ። ሲመጣ መላጊያ አያያዝ አያውቅም ነበር፤ ከእኔ ዘንድ አምስት ዓመት ተቀምጦ ከወጣ በኋላ ሦስቱንም ፈተና አልፎ አንደኛ ደረጃ ይዟል። ወረቀቱን በመስታወት አድርጎ ከግድግዳው ላይ ሰቅሎታል፤ በሄድሁ ቁጥር እያየሁ እንዳላየ አልፈው ነበር።

ወይዘሮዋ፦ ታዲያ እርሱ ልጅቱን አያውቃት፤ እንዴት አድርጎ ይፈርምላታል? እርስዎ ቢደውሉለት እምቢ አይልዎትም መቼም።

አናጢው፦ እደውልለታለሁ፤ አብሬያትም እሄዳለሁ። ደብዳቤውን በነገርሁሽ አኳኋን ጻፊው፤ የየካቲቱን ፀሐይ፣ የሚያዝያውን ዝናብ፣ የኮላውን ነገር አንዱንም ሳታስቀሪ። መሳቢያውንም ከነስንጥቁ አውጥተሽ ያዢው።

ልጅቱ፦ የተሰነጠቀውን መሳቢያ? እርሱ ዘንድ?

አናጢው፦ አዎን። እኔ ስለ ደወልሁለት ብቻ የሚፈርም ሰው አይደለም፤ በስልክ ቃል አትፈርም ብዬ ያስተማርሁት እኔው ነኝ።